የስጦታው ማግሥት፤ ስለ አገልግሎት ክለቦችና ስለ ካሳራኒ ሕፃናት

ካሳራኒ ሲባል ለብዙዎቻችን በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ስታዲየሙ ነው። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1987 አራተኛውን የመላው አፍሪካ ጨዋታ ስታስተናግድ የተሠራ ነው፤ በ2021ም ከ20 ዓመት በታች የሆኑ የዓለም አትሌቶች፣ የእኛዎቹም ልጆች ጭምር፣ እዚያው ሮጠውበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከስታዲየሙ አጥር ወጣ ሲሉ ግን ሌላ ካሳራኒ አለ። ወደ ቲካ በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ የቆሙትን ፎቆች አልፎ ወደ ሙዊኪ፣ ወደ ክሌይ ሲቲ ወይም ወደ ንጂሩ የዘለቀ ሰው፣ የወር ደመወዝተኛውና የዕለት ጉርሱን ፍለጋ ማልዶ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ጎን ለጎን የሚኖሩበትን ሰፈር ያገኛል።

ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ባደረገች ጊዜ፣ በአገሪቱ የተማሪው ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5.9 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ አሻቀበ። የክፍሉ፣ የወንበሩና የመምህሩ ቁጥር ግን በዚያው መጠን አላደገም። ስለዚህም በናይሮቢ ድኻ ሰፈሮች የመንግሥት ትምህርት ቤት ባልደረሰበት ቦታ ግለሰቦች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የሰፈር ማኅበራት የከፈቷቸው አነስተኛ ትምህርት ቤቶች በርክተዋል። ክፍያቸው ትንሽ ነው፤ አቅማቸውም እንደዚያው።

ሮታሪ፣ ላየንስና የመሳሰሉት የአገልግሎት ክለቦች የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው። አባሎቻቸው ነጋዴዎች፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ከኪሳቸው አዋጥተው ለሕፃናቱ ደብተርና ቦርሳ፣ የደንብ ልብስና ጫማ፣ ለልጃገረዶች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ለትምህርት ቤቱም ወንበርና የውኃ ታንከር ያመጣሉ። ማንም ሳያስገድዳቸው የዕረፍት ቀናቸውን ለሰው ልጅ የሚሰጡ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ምስጋናውን አስቀድመን የምንናገረው ኋላ የምንሰነዝረው ሂስ ከጥላቻ የመነጨ እንዳይመስል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድን ክለብ ለይተን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ እንግዶቹ ስጦታውን አስረክበው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ፣ በማግሥቱ ለሕፃኑ ምን ይቀርለታል?

ጥያቄው የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሮታሪ በ2013 አደረጃጀቱን ሲያሸጋሽግ ኬንያን፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ደቡብ ሱዳንን 9212 በተባለ አንድ ዲስትሪክት ሥር አሰባስቧቸው ነበር። በቲካ መንገድ ዳር የሚሰበሰበው ክለብና በአዲስ አበባ የሚሰበሰበው ክለብ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በካሳራኒ የምናየው መልካምም ሆነ ጉድለት በእኛም ትምህርት ቤቶች በር ላይ የቆመ ነው።

የእነዚህ ክለቦች አመጣጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሮታሪ በ1905 በቺካጎ ከተማ ፖል ሃሪስ በተባለ ጠበቃና በሦስት ጓደኞቹ ተመሠረተ። ስሙም የወጣለት ስብሰባው በየአባላቱ መሥሪያ ቤት በተራ ይዞር ስለ ነበር ነው፤ የጽዋ ማኅበራችን ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞረው መሆኑ ነው። ላየንስ በ1917 በዚያው በቺካጎ በሜልቪን ጆንስ አስተባባሪነት ተቋቋመ። ዓይነ ስውሯ ሔለን ኬለር በ1925 በጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ከጠየቀቻቸው ወዲህ የዓይን ጤና ዋና ሥራቸው ሆነ። ሮታሪ ናይሮቢ የገባው በ1930 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ1955።

አሁን ወደ ስጦታው እንመለስ። ስጦታ ለተማሪ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው በግምት ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ኬንያ ራሷ በምዕራቡ ክፍሏ፣ በቡሲያና በአካባቢው፣ ይህ ነገር በጥንቃቄ የተመረመረባት አገር ናት። ከካሳራኒ ርቆ በገጠር የተደረገ ቢሆንም፣ ለድኻ ሰፈር ትምህርት ቤት ሁሉ የሚበጅ ትምህርት ስላለው ሦስቱን ምርመራዎች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ስለ መማሪያ መጻሕፍት ነው። በ1996 በዕጣ ለተመረጡ 25 ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ታደሉ። መጽሐፍ ለተማሪ አይጠቅምም የሚል ሰው ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ፈተናው ሲታይ የተማሪው አማካይ ውጤት ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት ከፊትም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ የተጻፈበት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ነበር፤ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ መጽሐፉን ይዘው ማንበብ አልቻሉም። ለጋሹ መጽሐፍ ሰጠ፤ ልጁ ማንበብ ይችል እንደሆነ ግን አስቀድሞ አልተጠየቀም።

ሁለተኛው ስለ ደንብ ልብስ ነው። በዕጣ ለወጣላቸው ልጆች የደንብ ልብስ ሲሰጥ መቅረታቸው ከሢሶ በላይ ቀነሰ፤ ከፊት ልብሱ ጨርሶ ባልነበራቸው ልጆች ዘንድማ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ከ8 ዓመት በኋላ ተመልሰው ልጆቹን ሲፈልጉ፣ ልብሱን ያገኙት ካላገኙት ይበልጥ ርቀው የተማሩ ሆነው አልተገኙም። ልብሱ ዓመቱን አሻገራቸው፤ ዕድሜያቸውን ግን አላሻገራቸውም።

ሦስተኛው ስለ ሆድ ትላትል መድኃኒት ነው። ከ1998 ጀምሮ በ75 ትምህርት ቤቶች በየተራ መድኃኒቱ ሲታደል መቅረት በሩብ ያህል እንደ ቀነሰ ተመዘገበ። የውጤቱን መጠን ምሁራን ቆይተው የተከራከሩበት ቢሆንም፣ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ መድኃኒቱ ለአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ሳይሆን በየጊዜው፣ ለጥቂቶች ሳይሆን ለሁሉም፣ በመምህራኑ ረዳትነት የተሰጠ ነበር። ኬንያም ቆይታ ሥራውን አገር አቀፍ አደረገችው። ፎቶግራፍ የማያምርበት፣ ንግግር የማይደረግበት ትንሽ እንክብል ከቦርሳና ከጫማ ይልቅ ብዙ መንገድ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ስጦታ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የስጦታ ክብደቱ የሚታወቀው በሚሰጥበት ቀን አለመሆኑን ነው። ልጃገረዶችን እንውሰድ። አንድ ክለብ ለአንድ ወር የሚበቃ የንጽሕና መጠበቂያ ይዞ ቢመጣ፣ ዓመቱ 12 ወር አለው፤ ልጅቱ በአንደኛው ወር ክፍል ውስጥ ትገኛለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ወደ ቀድሞ ጭንቀቷ ትመለሳለች። የኬንያ ምክር ቤት ይህን ተገንዝቦ በ2017 የትምህርት ሕጉን በማሻሻል፣ ለዐቅመ ሔዋን ለደረሱ ተማሪዎች መጠበቂያውን በነፃ የማቅረብን ግዴታ በመንግሥት ላይ ጣለ። እንግዲህ ለአንድ ክለብ የሚሻለው አንድ ካርቶን አስረክቦ መሄድ ነው ወይስ በሕግ የታዘዘው አቅርቦት በዚያ ትምህርት ቤት በየወሩ መድረሱን እየተከታተለ ሲጓደል መጮኽ? ሁለተኛው ወጪው ያነሰ፣ ድካሙ የበዛ ነው።

የሥነ ሥርዓቱንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም፤ ይህን ከኬንያ ሳይሆን ከራሳችን ሕይወት እንናገራለን። ከእኛ አንዳችን ባስተማረበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንግዶች ጫማ ይዘው መጡ። ተማሪዎች ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ጠበቁ። «በጣም ችግረኛ የሆኑት» ስማቸው በድምፅ ማጉያ እየተጠራ ወደ ፊት ወጡ፤ ጫማውን ከፍ አድርገው እንዲይዙ ተነገራቸው፤ ፎቶግራፍም ተነሡ። ቁጥሩን አስቀድሞ የለካ ስላልነበረ ግማሹ ጠበባቸው፣ ግማሹ ሰፋቸው። ከሁሉም ያሳዘነን አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው። ጫማው ልኩ ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ በቀድሞ ሸራ ጫማው መጣ። ለብቻው ጠርተን ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ያንን ካደረግሁማ ሁሉም ያውቁታል» አለን። ሌላ አልጨመረም፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

ጥፋቱ የእንግዶቹ ብቻ አልነበረም። ስሙን ጽፈን የሰጠን እኛ ነን፤ ሰልፉን ያሰለፍን እኛ ነን። በአገራችን ሰው በእድር ሲረዳዳ ንግግር አይደረግም። ኀዘን በደረሰበት ቤት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ገንዘቡም በጸሐፊው እጅ ይደርሳል፤ ኀዘንተኛው ከሰው ፊት ቆሞ ድኽነቱን አይናገርም። ሁሉም በየወሩ ከፋይ ስለሆነ የዛሬው ተረጂ የነገ ረጂ ነው። ኬንያውያንም ከዚህ የሚመሳሰል ልማድ አላቸው። «ሃራምቤ» ማለት በስዋሂሊ «አብረን እንጎትት» እንደ ማለት ነው፤ ቃሉ በአገሪቱ ዓርማ ላይ ተጽፏል። ከ1963 ነፃነት በኋላ ወላጆች ገንዘብም ጉልበትም አዋጥተው የሠሯቸው ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሃራምቤ ትምህርት ቤቶች ይባሉ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የእኛ ተረት እዚያም በሥራ ነበር። እንግዲህ አንድ ክለብ ካሳራኒ ሲገባ የሚያገኘው መረዳዳትን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም፤ አጠገቡ ቆሞ አብሮት መጎተት እንጂ በላዩ ላይ ማደል አይገባውም።

«ክለብ እኮ መንግሥት አይደለም፤ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው፤ የቻለውን ቢሰጥ ምን ይወቀሳል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከእኛ ሳይሆን ከክለቦቹ ከራሳቸው ታሪክ ይገኛል።

ሮታሪ በ1985 ፖሊዮ ፕላስ የተባለውን ዘመቻ ሲጀምር 120 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቅዶ እስከ 1988 ድረስ 247 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በዚያ ዘመን ልጅነት ልምሻ በዓመት ወደ 350,000 የሚጠጉ ሕፃናትን በ125 አገሮች ያሽመደምድ ነበር። ዘመቻው የለካው የታደለውን የክትባት ጠብታ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የቀረውን ልጅ ነው። ከታቢዎች ቤት ለቤት ሄደው የተከተበውን ልጅ ጣት በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፤ በበሩም ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ልጁ ያልተገኘበትን ቤት ተመልሰው ያንኳኳሉ። በ2013 በሽታው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሶ በኬንያ 14፣ በእኛም አገር 10 ሰዎችን ሲይዝ፣ አልቋል ብሎ የተኛ አልነበረም። በ2018 በናይሮቢ ካሙኩንጂ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኢስሊ አካባቢ ከፍሳሽ ውኃ በተወሰደ ናሙና ከክትባት የመነጨው ዓይነት ቫይረስ ሲገኝ፣ አንድም ልጅ ሽባ እስኪሆን ሳይጠበቅ እንደገና ክትባት ተካሄደ። የአፍሪካ ቀጣና ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው ነሐሴ 25 ቀን 2020 ነው። ከዚያም በኋላ በ2022 በማላዊ ከውጭ የገባ ቫይረስ ሲገኝ ሥራው እንደገና ተጀመረ።

ይህ የጤና ድርጅቶችም፣ የመንግሥታትም ሥራ እንጂ የሮታሪ ብቻ አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ያሳያል፤ አንድ ነገር መምረጥ፣ የቀረውን መቁጠር፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሰለቹ መመለስ። እኛ የካሳራኒን የቦርሳ እደላ የምንነቅፈው በውጭ ሚዛን አይደለም፤ ክለቦቹ ራሳቸው በሠሩት ሚዛን ነው። ልጅነት ልምሻን በዚያ ትጋት የተከታተለ ክለብ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ብቻ መጥቶ መጥፋቱ ለምንድን ነው?

ላየንስም በአማራ ክልል ተመሳሳይ ትምህርት ትቶልናል። ከካርተር ማዕከል ጋር ሆኖ ትራኮማን ለማጥፋት በክልሉ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ዘዴው አራት ክፍል አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት። መድኃኒቱን ማደሉ ከአራቱ ለመቁጠር የሚቀለው ነው፤ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብም በየዓመቱ ታድሏል። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ከታደለም በኋላ በሽታው ከብዙ ወረዳዎች አልወጣም። ውኃ በሌለበት ልጅ ፊቱን በምን ይታጠባል? መጸዳጃ በሌለበት ዝንቡ ወዴት ይሄዳል? የሚታደለው ክፍል ብቻውን እንደማይበቃ፣ የቀረው በየዕለቱ በቤትና በትምህርት ቤት የሚሠራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ያንን የየዕለቱን ሥራ የሚሠራው ደግሞ መምህሩ ነው።

ከካሳራኒ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በቲካ መንገድ ላይ ካለችው ከሩይሩ ከተማ ሌላ ምሳሌ እናምጣ። በ2012 ዋዊራ ንጂሩ የተባለች ወጣት በውጭ አገር ተማሪ ሳለች ባሰባሰበችው ገንዘብ በሩይሩ አንዲት ትንሽ ማብሰያ ቤት ከፍታ ለ25 ልጆች ምሳ ማቅረብ ጀመረች። ሥራው እያደገ ሄዶ በ2023 የናይሮቢ አስተዳደር የትምህርት ቤት ምሳን በሰፊው ሲጀምር አብሮ ሠራ። ወላጅ ለአንድ ምሳ 5 ሽልንግ ይከፍላል፤ ቀሪውን ሌላው ይሸፍናል። ልጁ በእጁ አንጓ ላይ የታሰረውን መለያ አስነክቶ ሳህኑን ይቀበላል። የድኻው ልጅና የተሻለው ልጅ በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ ምልክት ይበላሉ፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ የለም። ወላጁም ከፍሏልና «ዛሬ ምሳው ለምን ዘገየ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በአዲስ አበባም ከ2019 ወዲህ የከተማው አስተዳደር በጀመረው ምገባ ምሳው የሁሉም ተማሪ ሲሆን ነውሩ እንደሚቀር አይተናል። ሁለቱም የሚነቀፍ ነገር አያጡም፤ ዋናው ነገር ግን በማግሥቱም ምሳ መኖሩ ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ክለብ ወደ ትምህርት ቤታችን በመጣ ጊዜ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀበል አንሁን። በእጃችን ለጋሹ የሌለው ሀብት አለ፤ የስም መጥሪያችን። ማን እንደሚቀር፣ በየትኛው ቀን እንደሚቀር፣ ለምን እንደሚቀር የምናውቅ እኛ ነን። ስለዚህ ከርክክቡ በፊት አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ የጎደለን ምን እንደሆነ ማን ጠየቀን? ወንበር እያለን ወንበር፣ ውኃ ሳይኖረን የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አንቀበል።

ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ወር ይኸው ነገር ይኖራል ወይ? ታንከሩ ቢሰበር የሚጠግነው ማን ነው? መልሱ ካልታወቀ ስጦታው ገና አላለቀም።

ሦስተኛ፣ የልጁ ክብር ተጠብቋል ወይ? ለጥቂቶች የሚሰጥ ከሆነ በክፍል ኃላፊው በኩል በስውር ይድረስ፤ ከተቻለም ለክፍሉ ሁሉ ይሁን። ፎቶግራፍ የግድ ካስፈለገ የተጠገነው ቧንቧ ይነሣ።

አራተኛ፣ ማን ይቆጥራል? ስጦታው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን የመቅረት ብዛትና ከሦስት ወር በኋላ ያለውን ጽፈን ለክለቡ እንላክለት። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። ቅን ልብ ያለው ክለብ ይህን ደብዳቤ ከምስጋና ወረቀት አብልጦ ይወደዋል፤ የማይወደው ከሆነ ደግሞ ቀድሞውኑ የመጣበትን እናውቃለን።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። ሮታሪ ከ1962 ጀምሮ ኢንተራክት፣ ላየንስም ከ1957 ጀምሮ ሊዮ የተባሉ የወጣቶች ክለቦች አሏቸው፤ በየትምህርት ቤቱም ሌሎች ክለቦች አሉ። ክለብ ማለት ካናቴራና ባጅ አይምሰላችሁ። ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ፤ ለምሳሌ የመጸዳጃው ውኃ በየጠዋቱ መሞላቱን፣ ወይም በንባብ የደከሙ የታችኛ ክፍል ልጆችን በሳምንት ሁለት ቀን ማስጠናት። ከዚያም በሰኔ ተሰብስባችሁ ስንት ቀን እንደሠራችሁና ስንት ቀን እንዳስታጎላችሁ ቁጠሩ። ያስታጎላችሁትን ሳትደብቁ የጻፋችሁ ዕለት ብዙ ትልልቅ ክለቦች ያልደረሱበት ደርሳችኋል።

በካሳራኒም ሆነ በእኛ ሰፈር ሕፃኑ የሚጠብቀው አንድ ነው። ዛሬ የመጣው ሰው ነገም ይመጣ እንደሆነ ያያል። ያ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጫማውን የደበቀው ምስጋና ቢስ ሆኖ አልነበረም፤ ሰጪዎቹ ሄደው እርሱ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ስለሚቀር ነው። ስጦታ ስናዘጋጅም ሆነ ስንቀበል፣ ልጁ ብቻውን የሚቀርበትን ያንን ማግሥት አስቀድመን እናስብለት።